ሁለቱንም አዝያቸዋለሁ

«ምስክርማ ደሚቱ ትሁን፤ ከእሷ በላይ እኛን የሚያውቀን ማን አለ?» አለኝ ወንድሜ በዕውቀቱ በስልክ፣ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን። ሁለተኛ ምስክር እንዲሆኑን የለመንናቸው ጎረቤታችን ደም ግፊታቸው ተነስቶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ችሎቱ ደግሞ ለአራት ሰዓት ነው። እናታችን ወለተሰንበት ከሞተች አርባ ሰባት ቀኗ ነበር። ወራሾቿ እኔና በዕውቀቱ ብቻ መሆናችንን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥልን አመልክተን ነበርና፣ ሁለት ሰው ቀርቦ «ሟች ከእነዚህ ልጆች በቀር ሌላ የላቸውም» ካለ ነገሩ ያልቃል፤ ቤቱም ይሸጣል። ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ስለሆነ ቤቱን ባዶውን ነው የሚፈልገው። «ባዶውን» ሲባል ደሚቱም እንደምትወጣ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም ግን ከአፋችን አውጥተነው አናውቅም። ደሚቱ በግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት አርባ ሁለት ዓመት ኖራለች። ቤቱን እንድንሸጥ የምትመሰክርልን፣ ሲሸጥ ከግቢው የምትወጣው እሷው ራሷ መሆኗ ነው። ይህን እያሰብኩ እሺ አልኩት። በዚያ ሰሞን እሺ ከማለት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ኃጢአቴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኋላ ላይ ቢመጣ የደበቅሁት ይመስላል። እማዬ ልትሞት አምስት ቀን ሲቀራት ትራሷን ሳስተካክልላት እጄን ያዘችና፣ «ሰርቪሷን ለደሚቱ ሰጥቻለሁ። ከዚህ ግቢ ማንም እንዳያስወጣት። ለወንድምሽ ንገሪው» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አልነገርኩትም። መጀመሪያ ለቅሶ ነው አልኩ፤ ቀጥሎ አርባዋ ይውጣ አልኩ፤ አርባዋ ሲወጣ ገዢ መጣ። ሰርቪሷ ተለይታ ከቀረች ገዢው እንደሚሄድ ገባኝ። ገዢው ከሄደ ደግሞ እኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ በልጅነቴ አልጋ ላይ፣ የወንድሜን እጅ እያየሁ መኖሬ ነው። ለራሴ የምሆን አንድ መኝታ ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም ፈለግሁ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚሻል ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

መተዳደሪያዬ የሰው ቅድመ አያት መፈለግ ነው። ሲሉት ያስቃል፣ ግን እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ ሥራ ሳጣ፣ ለአሜሪካኖች የዘር ሐረጋቸውን የሚያጠና አንድ ድርጅት በኢንተርኔት ቀጠረኝ። የአሮጌ ሰነድ ፎቶ ይልኩልኛል፤ እኔ የተጠማዘዘውን የእጅ ጽሑፍ አንብቤ እተይባለሁ፣ የጎደለውን እፈላልጋለሁ። አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ተቀምጬ፣ ከአጥራችን ማዶ በር የሚበይዱት ልጆች መብራቱን እያርገበገቡብኝ፣ አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን ከየትኛው መርከብ ማን እንደወረደ አውቃለሁ። የጎረቤት ሴቶች «የፈረንጅ መዝገብ ቤት» ይሉኛል። ያን ሰሞን የያዝኩት ዶሮቲ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ጉዳይ ነበር። አሜሪካ መጀመሪያ የገባው ቅድመ አያታቸው ጃኮብ፣ በቤተሰቡ ወግ፣ ከጀርመን አገር የብር ዕቃውን በሣጥን ጭኖ የመጣ፣ እንደደረሰ መሬት የገዛ ትልቅ ሰው ነው። በሦስት ሳምንት ፍለጋ ያገኘሁት ጃኮብ ግን ሌላ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ባሕር ላይ ሞቶበታል። ፊላደልፊያ ሲደርሱ የመርከቡ አለቃ የእሱንም የሟች አባቱንም ጉዞ በጉልበቱ እንዲከፍል ለአንድ ቆዳ ፋቂ አስረከበው፤ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው እንዲያገለግል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቆዳ ፋቂው በጋዜጣ ያወጣው ማስታወቂያ አለ፤ ጃኮብ የሚባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከቤቴ ኮብልሏል፣ ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለበት፣ እንግሊዝኛ አጥርቶ አይናገርም፣ ሲሄድ ሰማያዊ እጀ ጠባብ ለብሶ ነበር፣ ይዞ ለሚያመጣልኝ ወሮታ እከፍላለሁ ይላል።

ያን ዕለት ጠዋት በዕውቀቱ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ «የእማዬንና የአባባን የጋብቻ ወረቀት ዋናውን ያዢ፤ የደሚቱን መታወቂያም» ብሎኝ ነበር። የእማዬ ወረቀት በሙሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ የውሃ ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ የአባቴ የጡረታ ካርድ። የጋብቻውን ወረቀት ስስብ አንድ ሌላ ነገር ተከትሎ ወጣ። በታይፕ የተመታ፣ የካርቦን ግልባጭ፣ የ1977 ዓመተ ምሕረት። «ለሬዲዮ ጣቢያው» ይላል። «ስሟ ደሚቱ ጋሻው፣ ዕድሜዋ 11 ዓመት፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ አማርኛ አጥርታ የማትናገር፣ ከቤት ስትወጣ ቢጫ ቀሚስና የወንድ ሹራብ የለበሰች። ያለችበትን ለሚጠቁመኝ ወሮታውን የምከፍል መሆኔን አስታውቃለሁ። ጋሻው ወልደጻድቅ።» አባቴ ፊርማውን እንደ ልማዱ ጅራቱን ረጅም አድርጎ ጎትቶታል።

ታሪኩን አውቀዋለሁ። በቤታችን በየዓመት በዓሉ የሚነገር ቀልድ ነው። ደሚቱ ከጊንጪ ማዶ ከገጠር የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ በዕውቀቱን እንድታዝል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ግዢ ተብላ እንደወጣች ሳትመለስ ቀረች። አባቴ በሬዲዮ አስነገረ፤ በአራተኛው ቀን ሆለታ አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት አይታት ደወለች፤ አባቴ ታክሲ ይዞ ሄዶ አመጣት፤ ሳሙና አንድ ካርቶን ለሴትየዋ ሰጠ። ቀልዱ ዳቦ መግዣውን እንደጨበጠች መገኘቷ ላይ ነው። «አንድ ዳቦ ሆለታ ድረስ ስትፈልግ!» ይላል በዕውቀቱ፤ ሁላችንም እንስቃለን፤ ደሚቱም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ከዚያ እማዬ «ጋሻው እንዴት ቢወዳት ነው በሬዲዮ ያስነገረላት!» ብላ ትዘጋዋለች። ኮምፒውተሬን ከፈትኩና የቆዳ ፋቂውን ማስታወቂያ ከአባቴ ወረቀት ጎን አድርጌ አነበብኩት። ጠባሳው፣ ቋንቋው፣ ልብሱ፣ ወሮታው። ዕድሜያቸውም አንድ ነው። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ዛሬም ደግ ሰው ነበር እላለሁ። ግን አፈርኩ፤ ቁርስ አልበላ አለኝ።

ከአብነት እስከ ፍርድ ቤቱ በእግር ነው የሄድነው። ወሩ የገባበት ቀን፣ ልደታ ስለነበረች መንገዱ ነጠላ በነጠላ ሆኗል፤ ጧፍ ሻጮቹ አስፋልቱን ይዘውት ታክሲ ማለፊያ አጥቶ ክላክሱን ያንባርቃል። ደሚቱ ጥቁር በጥቁር ናት። እኔ ከአርባው ወዲህ ጥቁሬን አውልቄያለሁ፤ በዕውቀቱም ጺሙን ተላጭቷል፤ እማዬን እስከ ዛሬ የምታዝንላት እሷ ብቻ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ተሳለመች፣ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ስለ ሽንኩርት አወራን። ዘጠና ገብቷል አለች፤ ቲማቲሙ ይሻላል አለች፤ እኔም ይሻላል አልኩ። አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። የሰፈሩን ትልልቅ ሴቶች ሁሉ እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ሱቅ ያላትን፣ ጉልት የምትሸጠውን ሳይቀር። እኔን ያጠበችኝን፣ የሃምሳ አንድ ዓመቷን ሴት ግን በስሟ ነው የምጠራት። ማንም አላስተካከለኝም። የፍርድ ቤቱ አጥር ሲታየን ደሚቱ ድንገት ቆመችና፣ «ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?» አለችኝ።

«የምታውቂውን ነዋ።»

«እውነቱን?»

«አዎ፣ እውነቱን» አልኩ። ትንሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አስተያየቷን ያኔ ከፍርሃት ቆጠርኩት፤ ፍርድ ቤት ገብታ የማታውቅ ሴት ናት ብዬ።

በዕውቀቱ በሱፍ ልብስ፣ በትኩስ ሽቶ ጠበቀን። አንደኛው ምስክራችን፣ የእድራችን ዳኛና የአባቴ የድሮ ጓደኛ የሆኑት ጋሽ ሸዋንግዛውም ቀድመው ደርሰዋል። የችሎቱ ክፍል ጠባብ ነው፤ የእንጨት አግዳሚዎች፣ አንድ የማይሠራ ማራገቢያ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች። ዳኛዋ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ማሉ፤ ሟችን ለሃምሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ፣ ልጆቻቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብለው ቶሎ ጨረሱ። ቀጥሎ ደሚቱ ተጠራች። እጇን አንስታ ስትምል ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ሟች ስንት ልጆች አሏቸው?» አለች ዳኛዋ።

«የወለዷቸው ሁለት ናቸው፤ በዕውቀቱና ሃኒ። ሁለቱንም አዝያቸዋለሁ።»

አንድ ሰው ከኋላችን ሳቀ። ዳኛዋ ግን ቀና አላለችም፤ የደሚቱን መታወቂያ እያየች ነበር። «እርስዎ ደሚቱ ጋሻው ነዎት። የሟች ባለቤት ስማቸው ጋሻው ነው። ልጃቸው ነዎት እንዴ?» አለች። የበዕውቀቱ ማጅራት ሲቀላ አየሁ። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። እኛ ቤት የደሚቱ የአባት ስም ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ጋሻው ነው፣ በቃ። አንድ ቃል፣ «አዎ» ብትል፣ ወይም ዝም እንኳ ብትል ነገሩ ሁሉ ይቆም ነበር። በዚያች ቅጽበት የቱን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር።

«አይደለሁም» አለች ደሚቱ። «ያኔ ቀበሌ ስኳርና ሳሙና በቤተሰብ ቁጥር ነበር የሚሰጠው። ጋሼ እንደ ልጅ አድርገው በስማቸው አጻፉኝ። ከዚያ በዚያው ቀረሁ። የአባቴ ስም ቤካ ነው። ቤካ ዲንሳ። የዲንሳ አባት ሆርዶፋ፣ የሆርዶፋ አባት ጉደታ፣ የጉደታ አባት…»

«ይበቃል እናቴ፤ ይበቃል» አለች ዳኛዋ፣ በደግነት ነው። ጸሐፊዋ ቤካ የሚለውን ጽፋ ቆመች። የአንድ የማላውቀውን የጀርመን ልጅ አባት ስም ለማግኘት የመርከብ መዝገብ ሳገላብጥ ዓይኔ ደም የመሰለ ሴት፣ የደሚቱን አባት ስም የሰማሁት በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በችሎት፣ ከሃያ የማላውቃቸው ሰዎች ጋር እኩል ነው። አራት ትውልድ በአንድ ትንፋሽ ጠራች፤ ቢፈቀድላት ትቀጥል ነበር። ዳኛዋ ወደ እኛ ዞረች። «አመልካቾች የምትጨምሩት አለ?» በዕውቀቱ ብድግ ብሎ «የለንም፣ ክብርት ዳኛ» አለ። ዳኛዋ እኔንም ጠበቀች። ደሚቱም ከምስክር መቆሚያው ላይ ሆና አየችኝ። የእማዬ እጅ እጄ ላይ ያለ ያህል ተሰማኝ፤ ሞቀኝ። «የለም» አልኩ። ለውሳኔ ለሐሙስ ተቀጠረ።

በዕውቀቱ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለ ካፌ አስገባን። ጋሽ ሸዋንግዛው ጉዳይ አለብኝ ብለው ከበሩ ተመለሱ። ለደሚቱ ኬክ አዘዘላት፤ እሷ ሹካውን ትታ በእጇ ቆርሳ በላች። «ጎበዝ ነሽ እኮ! እኔ ራሴ ደንግጬ ነበር» አላት። ከዚያ ስለ መኪናው ጎማ አወራ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት አወራ። ሒሳብ ሲከፍል ነው ያን ነገር የተናገረው፣ ቦርሳውን እያየ። «እኔማ የት ትሄዳለች ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ዘመድ ይኑርሽ አይኑርሽ አናውቅም። ይኸው አሁን ስማቸውንም ነገርሽን። ጊንጪ ሩቅ አይደለም፤ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ፤ ያገኘናቸው እንደሆን ደስ ይላቸዋል።» ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ ነው። ደሚቱ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔ ማኪያቶዬን አማሰልኩ፤ ስኳር ግን አልጨመርኩበትም ነበር።

ቤት ስንመለስ የዶሮቲ ደብዳቤ ጠበቀኝ። የላክሁላቸውን አንብበው አዝነዋል። ለክረምቱ የቤተሰብ ስብሰባ መጽሐፍ እያሳተሙ ነው፤ ጃኮብ በልጅነቱ መምጣቱን ይቀበላሉ፣ ግን መኮብለሉንና ማስታወቂያውን መተው አይቻልም ወይ? ለልጅ ልጆቻቸው ጥሩ አይደለም፤ ደግሞስ ቆዳ ፋቂው እንደ ልጁ አድርጎ አሳድጎት ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ይላሉ። ተናደድኩ። ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛዬ ሁሉ፣ ሰነዱ ይህ ነው፣ ልጁ አምልጧል፣ ያመለጠው መሄጃ ስለነበረው ነው፣ ይህንን መሰረዝ ማለት እሱን ራሱን መሰረዝ ነው፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ሪፖርት አልፈርምም ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። ለግማሽ ደቂቃ ያህል እንደ ጀግና ተሰማኝ። ከዚያ በመስኮቱ ከሰርቪሷ በር ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ሲራገፍ ሰማሁ፤ ጀግንነቴ በአፍንጫዬ ወጣ። ለሞተ ፈረንጅ እውነት ለመናገር አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም።

የአባቴን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። የሰርቪሷ ክፍል አራት በሦስት ቢሆን ነው፤ አንድ አልጋ፣ የእኔ የድሮ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕልና የምርቃት ፎቶዬ። ደሚቱ አልጋው ላይ ልብሷን ዘርግታ፣ አንድ በአንድ እያጠፈች ማዳበሪያው ውስጥ ትከታለች። አልተቀየመችም፤ ቢያንስ አይመስልም። «ተቀመጪ» አለችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። በመሠረተ ትምህርት የተማረቻትን ንባብ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ እስከ ፊርማው ወረደች፤ ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ።

«ያን ጊዜ ሆለታ ድረስ የሄድሽው…» አልኩ፤ መጨረስ አቃተኝ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። ያኔ መንገዱን አውቀው ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ መንገዱም አያውቀኝ።» አንድ ቀሚስ አንስታ አራገፈች። እማዬ የሰጠቻት ነው።

«የአባትሽን ስም ለምን ነግረሽን አታውቂም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቁጣ የለበትም፤ የሽንኩርቱን ዋጋ በነገረችኝ ድምፅ ነው። «በዘጠኝ ዓመቴ ስመጣ አባቴ እንዳልረሳ እስከ አሥር አባት አስጠንቶኛል። ልብስ ሳጥብ እላቸው ነበር።» ቀሚሱን አጥፋ ከተተችና ቀና አለች። «ዛሬ እውነቱን ተናገሪ አልሽኝ፤ ተናገርኩ። አንቺስ?»

«ምኑን?» ልል ስል ቀደመችኝ።

«እትዬ ያን ነገር የነገሩሽ ቀን ሾርባ ይዤ በሩ ጋ ነበርኩ» አለች። «ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ቆሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች እያልኩ ነው። ዛሬ ዳኛዋ ስትጠይቅሽ፣ አሁን ነው አልኩ።»

«አንቺ ለምን አልተናገርሽም? እዚያው፣ ዳኛዋ ፊት…»

«እኔ ብናገረው ልመና ነው» አለች ደሚቱ። «አንቺ ብትናገሪው ግን የእናትሽ ቃል ነው።»

አለቀስኩ፤ እንደ ልጅነቴ መጥታ አላቀፈችኝም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ይቅርታ ብላት «ምንም አይደል፣ ልጄ» ትለኛለች፣ እኔም ቀልሎኝ እወጣለሁ፣ ማዳበሪያው ግን እዚያው ይቀመጣል። ስልኬን አወጣሁና እዚያው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በዕውቀቱ ጋ ደወልኩ። የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ እየነዳ ነው። እማዬ ልትሞት አምስት ቀን ሲቀራት ያለችኝን፣ ቃል በቃል፣ ትራሱን ሳይቀር ነገርኩት። ስለ ገዢው አልኩት፣ ስለ ኮንዶሚኒየሙም አልኩት፤ የደበቅሁት ለራሴ ብዬ እንደሆነ አልኩት። መኪናውን ዳር አስይዞ ማቆሙን ሰማሁ።

«ሌላ የሰማ ሰው አለ?» አለኝ።

ደሚቱን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ማለቷ ነው። ለእኛ የምትመሰክረውን ዛሬ መስክራ ጨርሳለች።

«እኔ ሰምቻለሁ» አልኩት። «ሐሙስ ችሎት ገብቼ እናገራለሁ።»

ዘጋብኝ። ፍርድ ቤቱ በቃል የተነገረ ኑዛዜ፣ ያውም በአንድ ምስክር፣ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም፤ ወንድሜ ከእንግዲህ ያናግረኝ አያናግረኝ አላውቅም። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ደሚቱን ጠበቅኋት። ሁሉንም ሰምታለች። ማጠፏን ግን አላቆመችም።